ስሙ ያልተነገራት ሕመም

ይህን ገጽ የገለጥከው ሰው፣ አንገትህ የማን ነው? የአባትህ ነው? የእናትህ? አንገትህ ላይ ያበጠውን ነገር ስሙን ለመስማት የማን ፈቃድ ያስፈልግሃል? «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው» ብለህ ገጹን ከማለፍህ በፊት፣ ቦሌ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሆነውን ስማ።

ሄሊና ገሰሰ አርክቴክት ናት። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነድፋ፣ ንድፏን ሊያጣጥሉ የመጡ መሐንዲሶችን አፍ ያስያዘች ናት። የዚያን ቀን ግን ዶክተር አብኔዘር በሩን ገርበብ አድርጎ «የሄሊና አስታማሚ!» ብሎ ሲጣራ፣ ቦርሳዋን ይዛ ብትነሣ፣ «አንቺ እዚሁ ጠብቂ፤ አባትሽ ይግቡ» አላት። ተቀመጠች። የሚያናድደው ይህ ነው፤ ተቀመጠች! ሁላችንም እንዲህ ስንባል እንቀመጣለንና።

አባቷ አቶ ገሰሰ ገርጂ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ያሏቸው ሰው ናቸው። ገቡ።

«ቲቢ አይደለም» አላቸው ሐኪሙ። «የመጀመሪያው ክሊኒክ ከንፍፊቱ በመርፌ ትንሽ ቀድቶ አይቶ ነው ቲቢ ነው ያለው። እኛ አገር ያበጠ ንፍፊት ሁሉ መጀመሪያ ቲቢ ይባላል። አሁን ንፍፊቱን ሙሉውን አውጥተን ስንመረምረው ሊምፎማ ሆኖ ተገኝቷል። የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር ነው።»

«ምን አልከኝ?»

«ይረጋጉ። ዋናው ነገር ዓይነቱ ነው። የእሷን ዓይነት ላስረዳዎት፤ መድኃኒቱም ተስፋውም የሚወሰነው በ...»

«ዓይነቱ ምን ያደርግልኛል? ካንሰር ካንሰር ነው!» አቶ ገሰሰ ብድግ አሉ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ። ለልጄ እንዳትነግራት። በእመቤታችን ይዤሃለሁ!»

ሐኪሙ ምን አለ? «እሺ» አለ። ስንት ዓመት የተማረ ሰው፣ ሕመምተኛዋ ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብላ፣ «እሺ» አለ! አባትስ? ብዙ ሺሕ ብር የሚያወጣ ብረት ሲገዙ ውፍረቱን፣ አገሩን፣ ፋብሪካውን የሚጠይቁ ሰው የልጃቸውን ሕመም ዓይነት ሳይሰሙ ወጡ። ካንሰር ካንሰር ነው ብሎ ነገር የለም። ብረት ብረት ነው ብለው ያውቃሉ?

መጸዳጃ ቤት ገብተው ቧንቧውን ከፍተው ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው እርጥብ ነበር።

«ቲቢው መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ነው አሉ» አሏት። «ጠንከር ያለ መድኃኒት ይሰጡሻል። ወደ ሰው ግን እንዳትጠጊ። ይተላለፋል።»

የመጨረሻዋን ቃል ከራሳቸው ጨመሩባት። በአንድ ውሸት ሁለት ነገር እንደሚቋጭ በኮሪደሩ ላይ እየተራመዱ ሳለ ታይቷቸዋል፤ ሕመሙን ይደብቃል፣ ልጃቸው የወደደችውን ያንንም ልጅ ከቤታቸው ያርቃል። ለሄሊና የመጣላት የራሷ ሕይወት አልነበረም። ባለፈው እሑድ ከአንድ ጠርሙስ ውሃ እየተቀባበሉ የጠጡት ሁለት አፎች ትዝ አሏትና፣ ከታመመች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ፈራች።

*

ያ ልጅ ቶሌራ ፈዬራ ይባላል። የካ አባዶ የተወለደው ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት፣ ቦታው የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ ነው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ከሄሊና ጋር የተዋወቁትም ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት በሁለት ፎቆች መካከል ይዟት በቆመ ጊዜ ነበር።

«እህቴ፣ በሩን አትንኪው!» ብሎ ከላይ ጮኸ። «መዝፈን ካወቅሽ ዝፈኝ፤ ፍርሃት ያበርዳል።»

«አልዘፍንም! አውጣኝ!»

«በጣም ጥሩ፤ የምትቆጣ ሰው አትፈራም። ቀጥይበት!»

ሰደበችው። እስኪከፍትላት ድረስ ስትሰድበው ቆየች። በሩ ሲከፈት ቀና ብላ ያየችው ከላይ ቁልቁል የሚስቁ ሁለት ዓይኖችን ነበር፤ ስድቡ አፏ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

አቶ ገሰሰ ነገሩን የሰሙ ዕለት ሳቁ። «ከየካ አባዶ? ሊፍት ጠጋኝ?» አሉ። «ልጄ፣ ሊፍት የሚሳፈሩበት ነው እንጂ ከጠጋኙ ጋር ትዳር የሚይዙበት አይደለም።» ቀልድ ነው ተባለ። ሀብታም ሲሳደብ ቀልድ ነው ይባላል፤ ደሃ ሲመልስ ብልግና!

ከሆስፒታሉ በተመለሰች ማግስት ሄሊና እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «ቶሌ፣ ከእንግዲህ አትምጣ። አትደውልልኝ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ፤ ለአንተ ብዬ ነው።»

ሥራ ላይ ሆኖ እጁ በግራሶ ተለውሶ አነበበው። ደጋግሞ አነበበው። «ለአንተ ብዬ ነው» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ የድሮ አለቃው ከሥራ ሲያሰናብተው የነገረው ቃል ነው። መልሱን ወዲያው ላከ፦ «አባትሽ አሸነፉ። እንኳን ደስ ያላቸው በይልኝ።»

እሷ ደግሞ በክፍሏ ውስጥ ማስክ አድርጋ፣ መስኮት ከፍታ፣ እናቷን እንኳ ከበር ላይ እያናገረች ነበር ያነበበችው። ልትመልስለት ብትል እውነቱን ማውጣት ሊኖርባት ነው፤ እውነቱን ካወጣች ደግሞ እንደሚመጣ ታውቃለች። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው። በዚህ ዓለም ላይ ከመጠላት የሚከፋ ነገር ካለ፣ የምትወደው ሰው በከንቱ ሲጠላህ አፍህን ይዘህ መመልከት ነው።

*

ቶሌራን ከኩርፊያው ያወጣችው እህቱ ጋዲሴ ናት።

«አንተ ደንቆሮ!» አለችው። «ያቺ ልጅ ታማለች። ትናንት ደውላ ስለ አንተ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ አልቆ ነበር። ማክሰኞ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ሂድ። መኮሳተር ከፈለግህ እዚያም ሄደህ መኮሳተር ትችላለህ።»

ሄደ። ከረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ከሰው ርቃ ተቀምጣ አገኛት። ከስታለች። በአንገቷ ዙሪያ ሻርፕ ጠምጥማለች። እናቷ ወይዘሮ ማስተዋል መድኃኒት ቤት ሄደው ነበር። ስታየው ዘልላ ተነሣች።

«ቶሌራ ቁም! እዚያው ቁም! ይይዝሃል!»

«ምንድን ነው የሚይዘኝ?»

«ቲቢ ነው። መድኃኒት የማይበግረው። ሂድልኝ እባክህ፤ ለዚህ ነው እኮ አትምጣ ያልኩህ...»

ቶሌራ በቆመበት ቀረ። የላከላት መልእክት ቃል በቃል ትዝ አለው፤ እፍረቱ ከጆሮው እስከ እግሩ ወረደ።

ከሄሊና ትንሽ ፈንጠር ብለው የተቀመጡት ወይዘሮ ገንዘቤ፣ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ቅቤ የሚነግዱ ሴት፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ፀጉራቸው እንደ ጫጩት ላባ ገና እየበቀለ ነበር።

«እናትዬ፣ ቲቢ ነው ያለሽ ማነው?»

«አባቴ።»

«አባትሽ ሐኪም ናቸው?»

«አይደሉም። ነጋዴ ናቸው።»

«እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ስለዚህ ልንገርሽ። ይሄ የቲቢ ወረፋ አይደለም፤ የቲቢው ምድር ቤት ነው። እዚህ አግዳሚ ላይ የተደረደርነው ሁላችንም ሊምፎማ ነን።» ከዚያ የልጅቷን ዓይን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ! አልነገሩሽም እንዴ? ምነው አፌ በተቆረጠ!»

«አይቁረጡት» አለች ሄሊና ቀስ ብላ። «ሌላ የሚነግረኝ ሰው የለም። ምንድን ነው እሱ?»

ወይዘሮ ገንዘቤ ግራ ቀኝ አዩ። «እኔ የማውቀው እዚሁ ወንበር ላይ ስቀመጥ የለቃቀምኩትን ነው፤ የዶክተሩን ያህል አታድርጊው። የካንሰር ወገን ነው። ግን አንድ በሽታ አይደለም፤ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም በይው። ቤተሰቡ ደግሞ ሁለት ቤት ነው። አንዱ ሆጅኪን የሚሉት ነው። ያ ጥግ ያለው ጆሮው ላይ ዘፈን የሰካ ልጅ የእሱ ነው። ወጣት ላይ ይወጣል፤ ግን በኬሞ ብዙዎቹ ይድናሉ። እሱም ሊጨርስ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ሆጅኪን ያልሆነ ይሉታል። እዚያ ቤት ውስጥ ስንቱ አለ መሰለሽ! ፈጣን አለ፤ ዛሬ ሽምብራ ያህል አይተሽው በሳምንታት ሎሚ ያህላል። እሱ ያስደነግጣል፤ ግን ቶሎ ከደረሱበት ከነሥሩ ሊጠፋ ይችላል አሉ። ካልደረሱበት...» ተዉት። «ዘገምተኛም አለ። የእኔ እሱ ነው። ዓመታት አብረን ኖርን። አንዳንዴ መድኃኒት እንኳ አይሰጡኝም፤ እየተከታተልን እንጠብቀው ይላሉ። አይገለኝም፣ አይለቀኝም። ቁርጥ የመጀመሪያ ባሌን!»

አግዳሚው ሳቀ። ሄሊናም ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቶሌራ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ማስኩን ከፊቷ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደው።

«ቲቢም ቢሆን እቀመጥ ነበር» አላት።

«ውሸታም።»

«እቀመጥ ነበር። ትንሽ ራቅ ብዬ።»

ወይዘሮ ገንዘቤ ወደ እነሱ ዘንበል አሉ። «ያንቺ የትኛው ነው ታዲያ?»

ሄሊና ሻርፑን ነካች። በቲቢ መድኃኒት አራት ወር ባክኗል። በቀደም ደግሞ ብብቷ ውስጥ አዲስ እብጠት አግኝታለች፤ ሌሊት ልብሷ ከውሃ የወጣ ጨርቅ እስኪመስል ያልባታል። ፈጣኑ ከሆነ እያንዳንዱ የጠፋ ሳምንት ከዕድሜዋ እየተቆረጠ ነው። ሆጅኪን ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ስታዝን ከርማለች። የራሷ ሞትና የራሷ መዳን በእኩል ርቀት ላይ ቆመዋል፤ የትኛውን እንደምታለቅስ እንኳ አታውቅም።

*

የዶክተር አብኔዘርን በር አንኳኳች። ቶሌራ ከኋላዋ ገባ።

«ሊምፎማ እንደሆነ አውቄያለሁ» አለችው። «ዓይነቱን ንገረኝ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሄሊና፣ አባትሽ አደራ ብለውኛል። ወደ ውጭ አገር ወስደው ሕክምናውን ሊያስጀምሩሽ እየተሯሯጡ ነው። ከእሳቸው ጋር ነይና...»

«አንገቴ ላይ የበቀለው እኮ አባቴ ላይ አይደለም። የነደፍኩት ሕንፃ ሊደረመስ መሆኑን ለባለቤቱ ነግሬ ውስጡ ከሚኖሩት ብደብቅ ምን ትለኝ ነበር?»

«ቤተሰብ ሲለምነኝ...»

«ፈጣኑ ነው?»

ዶክተሩ ጠረጴዛውን አየ።

«ፈጣኑ ነው ወይ ነው የምልህ!»

«ከአባትሽ ጋር ነይ» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። የሚገርመውም ይህ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም ይወዷታል፤ ሁሉም ያዝኑላታል፤ እየወደዷት እያዘኑላት ይገድሏታል! ሌላ ሐኪም ጋ ለምን አትሄድም ትለኝ ይሆናል። ውጤቱ እዚህ ተደብቋልና ሌላው ሐኪም ሌላ ንፍፊት ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ የምርመራውን ውጤት ሳምንታት ጠብቂ ይላታል። ጠብቂ! በዚህ አገር ለሕመምተኛ የሚበዛለት ቃል ይህ ብቻ ነው።

ቶሌራ በሩ ላይ እንደቆመ እጆቹን አያቸው። የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ ሳያዘው መፍቻ የሚፈልግ ሰው ነው። አሁን ምን ይፍታ? ምኑን ያጥብቅ? እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፤ በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ከብደውት አያውቁም።

*

እናቷ ሳይመለሱ ከሆስፒታሉ ወጥተው፣ ኢምፔሪያል ታክሲ መያዣው ጋ፣ ረዳቶቹ «ገርጂ! መገናኛ!» እያሉ በሚጮኹበት መሐል፣ ሄሊና በድንገት ቆመች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«ምን?»

«አባዬ እኔን ይዋሸኛል። ሐኪሙን በአደራ ያስረዋል። ሽማግሌ ፊት ግን አፉን ሞልቶ መዋሸት አይችልም። ስለ ልጁ ጤና ተጠይቆ ሽማግሌ የዋሸ ሰው ነገ ገርጂ ላይ ማን ከእሱ ሚስማር ይገዛል?»

«ለምርመራ ውጤት ብዬ ሽማግሌ ልላክ?»

«ለምርመራ ውጤት።» ዓይኗን ወደ አስፋልቱ መለሰች። «ሌላም ነገር ካለህ እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ቶሌራ ከሚያልፈው ሰው ሊከልላት ፊቷ ቆመ። «ሁለት ዓመት ለመላክ ስፈራ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ለዘዴ የላክሁ መስሎሽ ትቀሪያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ስሚኝ ሄሊ። ደህና ብትሆኚም እልክ ነበር። የምትሞቺም ብትሆኚ እልካለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አለማወቄ ነው የሚገድለኝ።»

ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደገፈች፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የልቡን ምት ሰማች። ልቡ እንደ እሷ ፈርቶ ነበር።

የዚያን ቀን የካ አባዶ ሄዶ አባቱን ለመናቸው። አቶ ፈዬራ በአንድ ወቅት ማሳቸው የነበረ መሬት ላይ በተሠራ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት።

«ለዚያች ለሀብታሙ ልጅ?» አሉ። «ታማለች እየተባለ?»

«አዎ አባ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «መሬታችንን የለኩ ጊዜ እኔን ውጪ ቁም አሉኝ። ይነገርሃል፣ ጠብቅ አሉኝ። ስንቱ እንደተወሰደብኝ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ሰው በራሱ ነገር ውጪ ሲቆም ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚነግርህ የለም።» ከዚያ ሽማግሌ ሊጠሩ ተነሥተው ጋቢያቸውን ፈለጉ። የልጃቸውን ዕንባ እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረው ፈለጉ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በአቶ ገሰሰ ሳሎን በራፍ ላይ ቆሙ። አንዱ ቄስ ገብረእዝጊ ናቸው። ሁለተኛው ገርጂ ላይ ከአቶ ገሰሰ ጎን የሚነግዱት አቶ ሙራድ። ሦስተኛው የአቶ ፈዬራ ታላቅ ወንድም። ቶሌራ እንደ ወጉ ግቢው ውስጥ አልገባም፤ ከበሩ ውጪ ኮብልስቶኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ገሰሰ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «ልጅዎን ለልጃችን ለቶሌራ ልንለምን መጣን።»

አቶ ገሰሰ አቶ ሙራድን አዩ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ልትሠራ መጣህ የሚል አስተያየት ነበር። «አክብራችሁ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ልጄ ግን ገና ናት። ሥራዋ ላይ ናት።»

«ገሰሰ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ ገና ናት?» አሉ አቶ ሙራድ። «የእኔዋ በዚህ ዕድሜ ሦስት ወልዳለች፤ አንዱ ሱቄን እያፈረሰው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አቶ ገሰሰ፣ ጤናዋ እንዴት ነው? ደህና አይደለችም ሲባል ሰምተናል። ነገ በእግዚአብሔር ፊት የምንመሰክረው እኛ ነን፤ ይንገሩን።»

ወይዘሮ ማስተዋል ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመደዱ። አቶ ገሰሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደህና ናት» አሉ። «ጉንፋን ነገር ነው።»

ዋሹ። ሽማግሌ ፊት አይዋሽም ብላ ልጃቸው ተስፋ ያደረገችባቸው አባት፣ መቋሚያ የያዘ ቄስ ፊት ዋሹ።

የውስጡ በር ተከፈተ። ሽማግሌ በቆመበት ልጅቷ አትወጣም፤ በማንም ቤት አትወጣም። ሄሊና ወጣች።

«ሄሊ፣ ግቢ!» አሉ እናቷ። «ነውር ነው!»

«ነውሩ የት ላይ እንደሆነ ይዩት፣ እማዬ።» ሻርፑን ፈታችው። የቀዶ ጥገናው ጠባሳና ከጠባሳው በታች የበቀለው ሌላ አዲስ እብጠት በመስኮቱ ብርሃን ላይ ወጣ። አቶ ሙራድ «ያ አላህ» ብለው ዓይናቸውን መለሱ። ቄሱ አማተቡ።

«ልጄ...» አሉ አቶ ገሰሰ። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው። ልሸከምልሽ ብዬ ነው ብቻዬን...»

«ምኑን ነው የተሸከምክልኝ አባዬ? ስሙን ንገረኝና እኔም አንዱን ጫፍ ልያዝ።»

አቶ ገሰሰ ስሙን ከትውስታቸው ፈለጉ። የዶክተሩን ጠረጴዛ፣ የዶክተሩን የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮች፣ የራሳቸውን ጩኸት አስታወሱ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያንን ባዶ ሲቆፍሩ ከርመዋል፤ ደውለው ሐኪሙን ለመጠየቅ ስልክ አንሥተው መልሰው አስቀምጠዋል፤ የሚሰሙትን ፈርተው። የሶፋውን ክንድ ያዙ። በሕይወቷ ሙሉ ግድግዳ የመሰላት ሰው ፊት ለፊቷ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች። አልሄደችም። ካቀፈችው ሁሉም ያለቅሳል፣ ሽማግሌው ይበተናል፣ እሷም ተመልሳ ክፍሏ ትገባለች።

«አባዬ፣ አታልቅስ። መልስልኝ። ሆጅኪን ነው? ፈጣኑ ነው? ወይስ ዕድሜ ልኬን የሚከተለኝ ዘገምተኛው ነው? ካላወቅህም አላወቅሁም በል፤ ልጄን ሳልጠይቅላት ቀረሁ በል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ቁጭ አይሉም፣ እኔም አልገባም። ሹክ እንዳትለኝ፣ ክፍል ውስጥ ጠርተህ እንዳትነግረኝ። እዚሁ፣ አሁን፣ ሁሉም እየሰማ መልስልኝ!»